የሞተ ሽቦ ሰላምታ

እኔ ኤሌክትሪክን አልፈራም፤ ኤሌክትሪክ ነው እኔን የሚፈራኝ። ከባሮ ድልድይ እስከ አቦቦ ባለው መንገድ ላይ የቆመ ምሰሶ ሁሉ ስሜን ያውቀዋል። በመስመሩ ሥር ሳልፍ ሽቦዎቹ የሚያሰሙት ያ የንብ ድምፅ ዝም ይላል። ሄልሜቴን አጥብቄ ካሰርኩ ደግሞ ኃይሉ ደንግጦ ከተማው መብራት ይጠፋበታል። መብራት የሚጠፋው በሌላ ምክንያት ነው ብለው የሚያስወሩት ጠላቶቼ ናቸው።

እንዲህ እያልኩ ነው ብዙ ዓመት የኖርኩት። አሁን የምነግራችሁ እንዲህ ማለት ስላቆምኩበት ቀን ነው።

ደረጄ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ ነው። በወጣትነቴ ለጥቂት ወር ብለው ወደ ጋምቤላ ላኩኝና እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ወልጄ፣ እዚሁ ፀጉሬን ጨርሼ ቀረሁ። ያኔ በአንድ የኃይል ማስተላለፊያ ድርጅት ውስጥ የመስመር ጥገና ፎርማን ነበርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ለእሱ አላካፍለውም። ሠራተኛው አለቃ ይለኛል። የሚወዱኝ ግን በአለቃነቴ አልነበረም። አስቃቸዋለሁ። እኔ ባለሁበት መኪና ላይ ለመሳፈር ይጋፉ ነበር፤ ጋቢና ባዶ ሆኖ እንኳን ከኋላ ከእኔ ጋር ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ።

ጥገና ሲኖር ቋሚ ሠራተኞቹ ጥቂት ነን። የጉልበቱን ሥራ የሚሠሩት ኮንትራክተሩ በቀን ክፍያ የሚያመጣቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ኤሌክትሪክን የሚያውቁት በአምፖል በኩል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሽቦ አንሡ ስትላቸው እባብ አንሡ ያልካቸው ያህል ይሸሻሉ። እኔም ለዚህ መድኃኒት አበጀሁ። ስሙን «የሞተ ሽቦ ሰላምታ» አልነው።

እንዲህ ነው። ኃይሉ ተቋርጦ ሽቦው ከምሰሶው ወርዶ መሬት ላይ ሲጋደም አዲሶቹን ዙሪያዬን አቆማቸዋለሁ። ጓንቴን እንደ ሙሽራ ጣት በጣት አወልቃለሁ። ሽቦውን በባዶ እጄ እጨብጥና ትንሽ ዝም እላለሁ። ከዚያ መንቀጥቀጥ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ክንዴ፣ ቀጥሎ ትከሻዬ፣ ቀጥሎ አንገቴ፤ መጨረሻ ላይ ምላሴን አውጥቼ ዓይኔን እገለብጣለሁ። አዲሶቹ ይበተናሉ። አንዱማ ሮጦ ደቡብ ሱዳን ሳይገባ አልቀረም፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ነባሮቹ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። እኔ ቀጥ ብዬ እቆምና ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ከዚያ በኋላ አዲሶቹ በተራ፣ እነሱም በባዶ እጃቸው፣ ሽቦውን ይጨብጣሉ። ጨበጡ ማለት ከእኛ አንዱ ሆኑ ማለት ነው።

ፍርሃታቸውን አስለቅቃቸዋለሁ እል ነበር። በእርግጥም ይለቃቸው ነበር። ፍርሃታቸው ለምን እንደተሰጣቸው ግን ጠይቄ አላውቅም።

ወሩ መጋቢት ነበር። የጋምቤላን መጋቢት ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ጥላ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። በአቦቦ መንገድ፣ እኛ በምንሠራበት ቦታ፣ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ አዲሱ፣ ኃይል የተሸከመው ነው። ሌላው ከሥራ ውጪ የሆነው አሮጌው ነው። አሮጌው ላይ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሽቦውን ጎድቶታል። የእኛ ሥራ የተጎዳውን ቆርጦ ማውጣትና በቦታው አዲስ ቁራጭ መቀጠል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላስረዳሁ የቀረው አይገባችሁም። ኃይል ከተሸከመ መስመር አጠገብ የተዘረጋ ሽቦ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ፣ ከጎረቤቱ ኃይል ይጋባበታል። ጉንፋን እንደሚጋባ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት ከምትሠራበት ቦታ በግራም በቀኝም ሽቦውን በወፍራም የመዳብ ገመድ ከመሬት ጋር ታስረዋለህ። የተጋባው ኃይል ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት ማስያዝ እንለዋለን። በአንድ በኩል ብቻ ብታስረው፣ ሽቦው እስካልተቆረጠ ድረስ ምንም ላይሰማህ ይችላል። ሲቆረጥ ግን ያልታሰረው ወገን የተጋባበትን ኃይል እንደያዘ ይቀራል፤ የሚወርድበት መንገድ ይጠብቃል። ይህን ለሌሎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። በማስተማሩ ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ፤ ጉንፋኑ ላይ ስደርስ አስነጥሳለሁ፣ ሰው ይስቃል።

ምክትሌ ጋትዌች ነው። ኑዌር ነው። ለእሱ መሰላል መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው እያልኩ በቁመቱ አሾፍበት ነበር። እሱ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። ያን ጠዋት የመጀመሪያውን ገመድ በመንገዱ በኩል አሰረ። ሁለተኛው መታሰር የነበረበት መስመሩ ከሚያቋርጠው ረግረግ ማዶ ነው። ቄጠማው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውሃው ጉልበት ይደርሳል፤ ዞሮ ለመሄድ ደግሞ ጠዋቱ ያልቃል። ጋትዌች ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል አየሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ማዶ።»

«ተወው። የሞተን ሽቦ ሁለት ጊዜ አንቀብርም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋትዌች አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አለቃ፣ ሁለት ነው የሚባለው» አለኝ።

«እንዲህ ነው የሚባለው ብሎ የሚናገረው ማነው? እኔ አይደለሁም? ዛሬ አንድ ነው እያልኩህ ነው።»

እንደገና ተሳቀ። ጋትዌች ገመዱን ወስዶ መኪናው ላይ ጣለው። መዳብ ብረት ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ከባድ ነው። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ድስት ሲወድቅ እሰማዋለሁ።

ከኮንትራክተሩ ሰዎች አንዱ ኦሞድ ይባላል። የአቦቦ ሰው ነው፤ አኙዋ፤ ዕድሜው ከእኔ እኩል። ሥራ በሌለው ቀን ባሮ ላይ መረብ ይጥላል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። ከእኛ ጋር ከጀመረ ገና ወሩ ነበር። ሰላምታውን ባሳየሁት ቀን ሸሽቶ ኩይሳ ላይ ወጣ፤ አለመሞቴን ሲያይ ኩይሳው ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከጎኔ አልጠፋም። ቀልዴን እንደ እሱ የወደደው ሰው የለም፤ ባለቤቴንም ጨምሬ ነው የምላችሁ፣ በተለይ ባለቤቴን።

ያን ጠዋት ሌሎች አዲስ ሰዎች መጥተው ነበርና ሽቦው ሳይቆረጥ ሰላምታውን አቀረብኩ። በሙቀቱ ምክንያት ትንሽ አሳጠርኩት። ሁሉም ሲስቅ ኦሞድ ራሱን ነቀነቀ።

«አለቃ፣ አንተ አርጅተሃል» አለኝ። «ከምሳ በኋላ እኔ ነኝ። እኔ ከአንተ እበልጣለሁ።»

«እናያለን» አልኩት።

ምሳ ኮንትራክተሩ በሞተር ያስመጣልናል። ያን ቀን የዓሣ ወጥና ሩዝ ይዛ የመጣችው ኛኮር የምትባል ሴት ነበረች። በፊት ምሳ የምታቀርብልን ሴት ስለታመመች በእሷ ፈንታ ገና ያን ቀን መጀመሯ ነው። ጠዋት የሆነውን አላየችም፤ ሰላምታ የሚባለውንም አልሰማችም። በልተን ስንጨርስ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ሳህኖቹን በሳፋ ታጥብ ጀመር። ጋትዌች የመቀጠያውን ዕቃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። እኛ ሽቦውን ቆረጥነው።

ሁለቱ ጫፎች ከሥር ባኖርናቸው የእንጨት ድጋፎች ላይ ተለያይተው ተቀመጡ። በመንገዱ በኩል ያለው ጫፍ ከመሬት ጋር ታስሯል። በረግረጉ በኩል ያለው ከምንም ጋር አልታሰረም። ይህን አውቃለሁ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ግን ያን ጊዜ ዓይኔ የነበረው ሽቦው ላይ አልነበረም። ኦሞድ ላይ ነበር፤ ኦሞድ ጓንቱን ጣት በጣት እያወለቀ ነበርና።

ሰው ሁሉ ገባው። መሰብሰብ ጀመሩ። ኦሞድ ጓንቶቹን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እኔ ሁልጊዜ እንደማደርገው። አንዱን ጫፍ በግራ እጁ ያዘ። ዞሮ አየኝ። ጠቀሰኝ። ሌላውን ጫፍ በቀኙ ያዘ።

ከዚያ ተንቀጠቀጠ።

ሳቁ ከሁሉም አፍ በአንድ ጊዜ ወጣ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። እኔ ስንቀጠቀጥ በየተራ ነው፤ ክንድ፣ ትከሻ፣ አንገት። ኦሞድ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር፤ መንጋጋው ሳይቀር። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አይቼ፣ ይሄ ሰውዬ የራሱን ስልት ፈጠረ ብዬ ቀናሁበት። ከዚያም እንዲህ ብዬ ጮህኩ፤

«ምላስህን ረሳህ፣ ኦሞድ። ምላስህን።»

ሳቁ ጨመረ። ኛኮር ከማንጎው ሥር ቀና ብላ ሰውዬው ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቀች። አንዱ በሳቅ መሀል ቀልድ ነው አላት። ትንሽ አየችው።

«ይሄ ቀልድ አይደለም» አለች።

ሳፋው ከእጇ ወደቀ፤ ሳህኖቹ ተበተኑ፤ እሷ ሮጠች። እየሮጠች የነበረው ልትይዘው ነው፤ በእርጥብ እጇ። ብትይዘው ሁለት ሰው ይሞትብኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ሽታው አፍንጫዬ የደረሰው። ምን እንደሚሸት አልጽፍላችሁም።

አንድ ፎርማን እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ላስተምር ስነሣ ድምፄ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ያን ቀን ግን ድምፅ አልነበረኝም። እግርም አልነበረኝም። ሳቁ ፊቴ ላይ እንዳለ ቆሜያለሁ። ሳቅ ከፊት ላይ እንዴት እንደሚወርድ የጠፋው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጡንቻዬ ደርቆ ጥርሴ እንደተገለጠ ቀረ። ኛኮር በፊቴ አልፋ ስትሮጥ እጄን ብዘረጋ ቀሚሷን እይዘው ነበር። አልዘረጋሁም።

የያዛት ጋትዌች ነው። የሳህኖቹን ድምፅ ሰምቶ ከመኪናው ዞረ፤ ያ የቀለድኩበት ረጅም እግሩ ሜዳውን በጥቂት እርምጃ በላው። በአንድ እጁ ትከሻዋን ይዞ ሣሩ ላይ ወረወራት። ገመድ ስናስር የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ረጅም ዱላ ምሰሶው ላይ ተደግፎ ነበር፤ እሱን አንሥቶ በረግረጉ በኩል ያለውን ሽቦ ከኦሞድ እጅ መትቶ አስለቀቀው።

ኦሞድ በጀርባው ወደቀ። ሳቁ ያኔ ነው የቆመው። ከሁሉም ኋላ የቆመው የአንድ አዲስ ልጅ ሳቅ ነበር፤ ጠዋት የተማረውን ነው፤ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሰውየው ተነሥቶ እጅ ይነሣል ብሎ ይጠብቃል። ሁላችንም ለአፍታ ጠበቅን። ኦሞድ አልተነሣም።

ጋትዌች ተንበርክኮ ጆሮውን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ ደረቱን በሁለት እጁ ይጫን ጀመር። ይህን ሥልጠና አብረን ነው የወሰድነው። አሠልጣኙ የላስቲክ አሻንጉሊት አምጥቶ በየተራ ሲያለማምደን እኔ አሻንጉሊቷን ለጋብቻ ጠይቄያታለሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ጋትዌች ያን ቀንም አልሳቀም፤ ሲጫን ይቆጥር ነበር።

«አለቃ» አለኝ ቀና ሳይል። «ና፣ ትንፋሽ ስጠው።»

ያኔ እግሬ ታዘዘኝ። ተንበርክኬ አፌን ኦሞድ አፍ ላይ አደረግሁ። ከንፈሩ የምሳው ዓሣ ወጥ ነበረበት። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከራሳችን በላይ በአዲሱ መስመር ኃይሉ እንደ ንብ ይዘምራል፤ ለእኔ ብሎ ዝም አላለም። በመጨረሻ ኦሞድ ከውስጡ የተቀደደ የሚመስል ድምፅ አወጣና አየር ሳበ። ኛኮር ከሣሩ ላይ ሆና በቋንቋዋ ታለቅስ ጀመር። እኔም ላለቅስ ሞከርኩ፤ ፊቴ ገና ሳቁን አልጨረሰም ነበር።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ ከመኪናው ኋላ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። እጆቹን በሽርጥ ጠቅልለናቸዋል። ሾፌሩ ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለ ይነዳል። እኔ ባለሁበት መኪና ዝምታ ሲኖር የመጀመሪያው ነው። ኦሞድ ዓይኑን ሲከፍት ያየኛል፤ ከዚያ ይከድናል። አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ። ወደ አፌ የመጣው ሁሉ ቀልድ ነው። ሌላ ነገር የለኝም ነበር። አፌን ዘግቼ ፀሐዩን በሄልሜቴ ከለከልኩለት።

ቆይቶም ሆስፒታሉ ድረስ የኦሞድ ባለቤት አሪየት ከዘመዶቿ ጋር መጣች። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሐኪሞቹ ኦሞድን ወደ ውስጥ ወስደውታል። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ማን አብሮት እንደነበር ጠየቀች። ማንም ሳይመልስ እኔ፣ «ሁላችንም» አልኩ። ሁላችንም ብዬ ከሌሎቹ መሀል ተደበቅሁ። እሷ ግን ራሰ በራዬን አየችና ፊቷ ትንሽ ተፈታ።

«አንተ ደረጄ ነህ?» አለችኝ። «ኦሞድ ሁልጊዜ ስለ አንተ ይነግረናል። ልጆቹ ያውቁሃል። ማታ ማታ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ ያሳያቸዋል። ካላሳያቸው አይተኙም።»

ከዚያ ከንፈርህ ደርቋል ብላ ይዛው የመጣችውን ውሃ ሰጠችኝ። ለባሏ ያመጣችው ውሃ ነው። ጠጣሁት። ሕይወቴን ሙሉ ብዙ ነገር ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ ውሃ ጉሮሮዬን የቆረጠኝ የለም።

ኦሞድ ተረፈ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹን ቆረጡለት፤ የግራ መዳፉ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማደደ። ለቀናት ወደ ክፍሉ አልገባሁም። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ በር ላይ ብርቱካን ለአሪየት ሰጥቼ ሥራ አለብኝ ብዬ እመለሳለሁ። ሥራ አልነበረኝም፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ታግጃለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አሪየት ብርቱካኑን አልቀበልም አለች። ይጠራሃል፣ ራስህ ስጠው አለችኝ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ደረቱ ላይ ነበሩ። ብርቱካኑን ላጥኩ። አንድ ቁራጭ አጎረስኩት። አላምጦ ዋጠ።

«ሰማሁ» አለኝ።

ሁለተኛውን ቁራጭ አላቀቅሁ።

«እጅ ሲያዝ ጆሮ አይያዝም። ሁሉን ሰማሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ገና አልጀመርኩም፣ ሳቁ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከዚያ እጄ እምቢ አለ። ልጮህ አልኩ፣ አፍ እምቢ አለ። ሳቅ ውስጥ የአንተን ሳቅ ለየሁት። አለቃ ያያል፣ አለቃ ያውቃል፣ አሁን ይመጣል አልኩ።» የተጠቀለሉ እጆቹን ደረቱ ላይ አመቻቸ። «ከዚያ ምላስህን አልክ። እኔም ምላሴን ፈለግሁ። ስምህን ልጠራ ፈለግሁ። አላገኘሁም።»

ብርቱካኑ እጄ ላይ ተጨመቀ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሱ አፉን ከፈተ፤ ሊናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። ብርቱካን ነበር የፈለገው። አጎረስኩት።

የምርመራ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሁለተኛው ገመድ ለምን እንዳልታሰረ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ ጋትዌች ሁለት ነው ብሎኛል፤ እኔ አሾፍኩበት አልኳቸው። ኦሞድ ለምን ጓንት እንዳላደረገ ጠየቁ። እኔ ነኝ ያስለመድኩት አልኩ። እንደሚገባኝ ቀጡኝ፤ ፎርማንነቱ ቀረና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ዞርኩ። ቦታዬን ጋትዌች ያዘ። አሁን ከእሱ ጋር የሚሄዱ ሰዎች ጋቢና ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ደግሞ ማታ ቤታቸው ይገባሉ።

ኮሚቴው ብዙ ጠየቀ። ስለ ሳቁ ግን የጠየቀኝ የለም። ሰው እየሞተ እያለ ለሳቀ ሰው የተጻፈ ቅጣት የለም። ቢኖር ኖሮ እቀጣና ያልቅልኝ ነበር። የገመዱን ቅጣት ጨርሼዋለሁ፤ የጓንቱንም ጨርሼዋለሁ። ሳቁ ብቻ አላለቀልኝም።

ይህን የምታነቡት ምን ሥራ እንደምትሠሩ አላውቅም። ጋራዥ ትሠሩ ይሆናል፤ ሕንፃ ላይ ትወጡ ይሆናል፤ ወፍጮ ቤት ይኖራችሁ ይሆናል። በየሥራው ቦታ እንደ እኔ ያለ አንድ ሰው አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ያለ እሱ ቀኑ አይመሽም። እሱን አባሩት አልላችሁም፤ እንዲያ ብል ደስ የሚላት ባለቤቴ ናት። የምላችሁ ይህን ነው፦ ሰው በምን እንደሚስቅ ያስተማርከው አንተ ከሆንክ፣ በምን እንደማይጮህም አስተምረኸዋል። እኔ መንቀጥቀጥ የሚያስቅ ነገር ነው ብዬ ለዓመታት አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ጎበዞች ነበሩ። ፈተናው ሲመጣ አንድም አልወደቀም፤ ሁሉም ሳቀ። የወደቀችው ትምህርቱን ያልተማረችው ኛኮር ብቻ ናት፤ ኦሞድን ያተረፈውም የእሷ መውደቅ ነው።

አሁን ኮንትራክተሩ አዲስ ሰዎች ሲያመጣ ጋትዌች ከግምጃ ቤቱ ያስጠራኛል። ቆሜ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ኦሞድ ጓንቱን እስከሚያወልቅበት ድረስ ያስቃል፤ ማሳቅ አልተወኝም። ከዚያ በኋላ ዝም ይላሉ። እኔም የሚፈሩትን ሰዎች አያለሁ፣ ፍርሃታቸውንም አልነካባቸውም።

በቅርቡ ኦሞድን ባሮ ዳር አገኘሁት። መረቡን ወንድሙ ይጥላል፤ እሱ በቀሩት ጣቶቹ ዓሣውን ያላቅቃል። ሲያየኝ እጁን በውሃ አጠበና ቀኙን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ቶሎ አልለቀቀኝም፤ ፊቴን ያየኛል።

«ፈራህ» አለኝ።

«ፈራሁ።»

«ጥሩ ነው» አለና ለቀቀኝ። አንድ ትልቅ ዓሣ መርጦ በቄጠማ አሰረና ለባለቤትህ ስጣት አለኝ።

ባለቤቴን ካነሣሁ ልጨርስ። ኤሌክትሪክ የሚፈራው ያ ጀግና አሁን ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ የሚጫነው በእንጨት ማንኪያ ነው። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው ባለቤቴ ናት። እኔ ከታች ወንበሩን በሁለት እጄ እይዛለሁ። እስክትወርድ ድረስ ከእግሬ እስከ መንጋጋዬ እንቀጠቀጣለሁ፤ በየተራ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እሷ አትስቅም።